አል-ጀዛሪን በሚሠራ ሞዴል መዘከር፦ የትኛውን መሣሪያ፣ በምን ልክ?

ጥርስና_ዘንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከ800 ዓመት በፊት የውሃ ሰዓቶችንና ማሽኖችን ሠርቶ ስለ አሠራራቸው መጽሐፍ ለጻፈው መሐንዲስ ለአል-ጀዛሪ መታሰቢያ የአንድ ቀን ትርኢት እያሰናዳን ነው። የግድግዳ ሥዕልና ጽሑፍ ሞልቷል፤ የፈለግነው ግን ውሃ የሚያንቀሳቅስ፣ ተመልካቹ በገዛ እጁ የሚያዞረው ነገር ነው። መጽሐፉ ውስጥ 50 መሣሪያ አለ፤ እኛ ያለን አንድ ቶርኖ፣ አንድ ትራፓኖ፣ የመበየጃ ዕቃና ስድስት ሳምንት ነው። የትኛውን ብንሠራ ሰውየውን በትክክል ያሳያል? ልኩስ ምን ይሁን? የሰሌዳውንም ጽሑፍ ብታርሙልን ደስ ይለናል። እስካሁን ያለው “በ1136 ተወልዶ በ1206 ያረፈ፣ የክራንክ ፈጣሪ፣ የሮቦት አባት” የሚል ነው።

ውሃ_ልክ፦

በዝሆን ቅርጽ የተሠራውን የውሃ ሰዓቱን ተዉት። ሁሉም የሚመኘው እሱን ነው፤ ነጂው፣ ጸሐፊው፣ እባቦቹና ወፉ ሲጨመሩ ግን ስድስት ሳምንት ለቀለሙም አይበቃም። የዝሆኑ ልብ ሆዱ ውስጥ ባለው ገንዳ ላይ የምትንሳፈፈው ታችዋ የተበሳ፣ ውሃ ቀስ እያለ ገብቶ በተወሰነ ጊዜ የሚያሰጥማት ሳህን ናት። እሷን ለብቻዋ ሥሯት። ከጎኗ ውሃ ከሚያወጡት አምስት መሣሪያዎች የመጨረሻውን፣ ባለ ሁለት ሲሊንደሩን ፓምፕ አቁሙ። ሳህኗ የልኬት ሥራ ናት፣ ፓምፑ የጉልበት፤ ሰውየው ሁለቱንም ነበር።

ፓምፑ እንዲህ ይሠራል። ወንዝ የሚያዞረው ባለ መቅዘፊያ ጎማ ጥርስ በጥርስ ሌላ ጎማ ያዞራል። በዚህ በሁለተኛው ጎማ ፊት ላይ ከመሃሉ ወጣ ብሎ ችንካር ተተክሏል። ችንካሩ አንድ ጫፉ በማጠፊያ በታሰረ ዘንግ ላይ ባለ ረጅም ሽንቁር ውስጥ ይገባል። ጎማው ሲዞር ችንካሩ ሽንቁሩ ውስጥ እየተንሸራተተ ዘንጉን ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል። ከዘንጉ ግራና ቀኝ የወጡት ሁለት ቢዬላዎች (መግፊያ ክንዶች) ፊት ለፊት በተጋደሙ የመዳብ ሲሊንደሮች ውስጥ ያሉትን ፒስተኖች ይነዳሉ። አንዱ ሲስብ ሌላው ይገፋል፤ ሁለቱ ገፊ ቱቦዎች ላይ ሄደው አንድ ይሆናሉ። የምህንድስና ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ፓምፕ የሚያነሱት የክብ ዙረትን ወደ ምልልስ ስለለወጠ፣ ሁለት ሲሊንደር በተራ ስላሠራ፣ ደግሞም እውነተኛ ሳቢ ቱቦ ስላለው ነው።

ለጠረጴዛ የሚሆነው ልክ፦ የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 40 ሚ.ሜ.፣ ርዝመቱ 120 ሚ.ሜ.። ጥርት ያለ የአክሪሊክ ቱቦ ብትጠቀሙ ተመልካቹ ፒስተኑን ያያል። ችንካሩ ከጎማው መሃል 24 ሚ.ሜ. ይራቅ። ከጎማው መሃል እስከ ዘንጉ ማጠፊያ 120 ሚ.ሜ.፣ ከማጠፊያው እስከ ቢዬላዎቹ መታሰሪያ 175 ሚ.ሜ. ይሁን። 24 ለ120 ሲካፈል 0.2 ነው፤ 175 በ0.2 ሲባዛ 35፤ ግራና ቀኙ ሲደመር የፒስተኑ ምት 70 ሚ.ሜ. ይወጣል። አንድ ሲሊንደር በአንድ ምት 88 ሚሊ ሊትር፣ ሁለቱ በአንድ ዙር 176 ሚሊ ሊትር ይገፋሉ ማለት ነው። በደቂቃ 30 ዙር በሒሳብ 5.3 ሊትር ይሆናል። ቫልቮላው (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ክዳን) እስኪከደን የሚመለሰውና በፒስተኑ ዳር የሚሾልከው ተቀንሶ 4 ሊትር ካገኛችሁ ጥሩ ሠርታችኋል።

የችንካሩ ጉዞ ከማጠፊያው ከ96 እስከ 144 ሚ.ሜ. ነው። ችንካሩ 6 ሚ.ሜ. ከወፈረ ሽንቁሩን ከ92 እስከ 148 ክፈቱት። ችንካሩ ላይ ስስ የነሐስ ቀለበት አልብሱ፤ ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት ሽንቁሩ መሃል ላይ ይሰፋና በየዙሩ መንኳኳት ይጀምራል።

ፒስተኑን እንደ መጽሐፉ ሥሩት፦ ሁለት የመዳብ ዲስክ፣ በመካከላቸው የተጠመጠመ ገመድ። ዲስኮቹ 39 ሚ.ሜ. ስፋት፣ 3 ሚ.ሜ. ውፍረት ይኑራቸው፤ በመካከላቸው 25 ሚ.ሜ. ተዉ። ባለ 4 ሚ.ሜ. የቃጫ ገመድ ለብ ባለ ሞራ ነክራችሁ ጠምጥሙ። ሲገባ ትንሽ ላላ ማለት አለበት፣ ምክንያቱም ቃጫ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ደረቁን ጥብቅ ብሎ የገባ ፒስተን ሲርስ ይቀረቀርና ቢዬላውን ያጎብጣል።

ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ባለ ክዳን ቫልቮላ ያስፈልጋል፤ አንዱ በመሳቢያው፣ አንዱ በመግፊያው በኩል። ቀዳዳው 15 ሚ.ሜ.፣ ክዳኑ 22 ሚ.ሜ. የሆነ የ2 ሚ.ሜ. ቆዳ፣ ጀርባው ላይ ትንሽ የናስ ክብደት። ቆዳውን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ የደረቀ ቆዳ ጠርዙ ይነሳል እንጂ አይከደንም። መቀመጫውን በኤመሪ (እንደ ብርጭቆ ወረቀት በሚፈትግ) ዱቄትና በዘይት አሹት። አል-ጀዛሪም የቫልቭ መሰኪያና መቀመጫን ውሃ እስከማያሳልፉ ድረስ አንዱን በሌላው ላይ በኤመሪ ይፈትግ ነበር።

ቶርኖ_ቤት፦

ልኮቹ ይሠራሉ። ሲገጠም የሚያስቸግሩትን ልጨምር።

የሁለቱ ምት ጊዜ እኩል አይደለም። ማጠፊያው ከችንካሩ ክብ ውጭ ስለሆነ ዘንጉ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ጎማው 203 ዲግሪ ይዞራል፣ ሲመለስ 157 ብቻ። በደቂቃ 30 ዙር ላይ አንዱ 1.13 ሰከንድ፣ ሌላው 0.87 ሰከንድ ይወስዳል። ውሃው እያነከሰ ይወጣል። ይህን ያየ ሰው ቫልቮላ ተበላሸ ብሎ ሁሉንም ይፈታል፤ ምንም አልተበላሸም፣ ጂኦሜትሪው ነው። ማለስለስ ካስፈለገ ገፊ ቱቦዎቹ ከሚገናኙበት በላይ ግማሽ ሊትር አየር የያዘ የተደፋ ጠርሙስ ግጠሙ። ግን የእናንተ ጭማሪ ነውና በእሱ ስም አትጻፉት። እኔ ብሆን እንዳነከሰ እተወዋለሁ፤ ማነከሱ ራሱ አሠራሩን ያስረዳል።

የቢዬላው መታሰሪያ በቀጥታ መስመር አይሄድም፣ ቅስት ይሠራል። የቅስቱ ከፍታ 3.5 ሚ.ሜ. ነው። የሲሊንደሩን መሃል መስመር ከቅስቱ አናት 1.75 ሚ.ሜ. ወደ ማጠፊያው አስጠጉት፤ ስህተቱ ላይና ታች እኩል ይካፈላል። ቢዬላው በሁለቱም ጫፍ በፒን ይታሰር። ፒስተኑ ላይ ከተበየደ ቃጫው በአንድ ጎን ብቻ ይበላና በዚያው ጎን ያፈሳል።

ትልቁ ራስ ምታት ሳቢው ቱቦ ነው። ገፊው በኩል ያለ ቀዳዳ ውሃ ስለሚተፋ ወዲያው ይታያል። ሳቢው በኩል ያለው ግን አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ጠብ አይልም። ምልክቱ ገፊው ቱቦ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ነው። የምትፈትሹት እንዲህ ነው፦ የሳቢውን ታችኛ አፍ በቡሽ ድፈኑ፣ በላይ በኩል ውሃ ሙሉ፣ ከፍታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ከወረደ መጋጠሚያው ላይ ያለው ጓርኒሲዮን (ፍሳሽ የሚከለክለው ማሸጊያ) ይቀየር። ቡሎኖቹን ማጥበቅ ብቻ አክሪሊኩን ይሰነጥቀዋል። ከማዞራችሁ በፊትም ሲሊንደሮቹን በውሃ ሙሉ፤ እርጥብ ያልሆነ ቃጫ አየር አይዝም፣ ስለዚህ ደረቅ ፓምፕ አይስብም።

ፓምፑን ከገንዳው ግማሽ ሜትር በላይ አታርቁት። አየር ውሃን ወደ ላይ መግፋት የሚችለው በባሕር ወለል 10.3 ሜትር ነው፣ በ2000 ሜትር ከፍታ ላይ 8.1 ሜትር ገደማ። በተግባር ከሁለት ሦስተኛው ብዙ አይታለፍም፤ ለቃጫ ፒስተን ደግሞ ያንሳል። ገፊው ግን እስከ ጥንካሬው ይገፋል፤ 1.5 ሜትር አውጡት፣ ለዓይን ያምራል።

ጉልበቱ፦ ግማሽ ሜትር ስቦ 1.5 ሜትር ሲገፋ ሁለቱ ፒስተኖች በአንድነት 25 ኒውተን ያህል ይጠይቃሉ። በፈጣኑ ምት ላይ ጎማው 1.1 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። የቃጫው ፍትጊያ ይህን በቀላሉ እጥፍ ያደርገዋል። 150 ሚ.ሜ. እጀታ ካደረጋችሁለት 15 ኒውተን ነው፣ ሕፃንም ያዞረዋል።

ጎማውን ከመግጠማችሁ በፊት አመዛዝኑት። የሚዞርበትን ዘንግ በውሃ ልክ በተስተካከሉ ሁለት ስለታም ጠርዞች ላይ አስቀምጡና ልቀቁት፤ ከባዱ ጎን ይወርዳል። እዚያ ላይ ትንሽ ፈቅፍቁ፣ እንደገና ልቀቁ፣ በማንኛውም አቅጣጫ ባለበት እስኪቆም ድረስ። ይህም ከእሱ የተወሰደ ነው። ከእንጨት ከሆነ ከአንድ ጣውላ አትቁረጡት። አራት የ4 ሚ.ሜ. ንጣፎችን የእንጨቱን መስመር እያቋረጣችሁ አጣብቁ፤ አል-ጀዛሪ እንጨት እንዳይጣመም የሚያደርገው ንጣፍ በንጣፍ በማጣበቅ ነበር።

ጥርስና_ዘንግ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን፤ የፓምፑ ነገር ገባን። ሳህኗስ? በመጽሐፉ በየግማሽ ሰዓቱ ነው የምትሰጥመው፤ ጎብኚ ግን ግማሽ ሰዓት ቆሞ አይጠብቅም።

ጠብታ፦

ሁለት ሳህን ሥሩ፣ አንዷ የግማሽ ሰዓት፣ አንዷ የአምስት ደቂቃ። ከቀዳዳዋ በቀር ምንም አይለያዩም።

ሳህኗ ሲሊንደር ትሁን፤ 12 ሴ.ሜ. ስፋት፣ 6 ሴ.ሜ. ቁመት፣ ከ0.8 ሚ.ሜ. የናስ ላሜራ። ክብደቷ 230 ግራም ገደማ ይወጣል። የታችዋ ስፋት 113 ካሬ ሴ.ሜ. ስለሆነ ስትንሳፈፍ የውጩ ውሃ ከውስጡ በ2 ሴ.ሜ. ይበልጣል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ውሃ እየገባ ስትወርድም ይህ የ2 ሴ.ሜ. ልዩነት እንዳለ ይቆያል። ልዩነቱ ካልተለወጠ ፍሰቱም አይለወጥም። ከታች ተበስቶ የሚፈስ ጋን ግን ውሃው ባነሰ ቁጥር ፍሰቱ ይደክማል፤ የውሃ ሰዓት ሠሪዎችን ሁሉ ያስለፋው ይህ ነው። መጨረሻ ላይ የሰመጠው የግድግዳ ናስ ራሱ ትንሽ ውሃ ስለሚገፋ ልዩነቱ ወደ 1.8 ሴ.ሜ. ይወርዳል፤ ለትርኢት ግድ የለም።

ከንፈሯ ውሃ እስኪነካ መግባት ያለበት 4 ሴ.ሜ. በ113፣ ማለትም 452 ሚሊ ሊትር ነው። ለ1800 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 0.25 ሚሊ ሊትር። በ2 ሴ.ሜ. ልዩነት ውሃ በሰከንድ 63 ሴ.ሜ. ይሮጣል፤ በቀጭን ቀዳዳ ላይ ያለውን ቅነሳ 0.6 ብለን ስንይዝ የቀዳዳው ስፋት 0.92 ሚ.ሜ. ይሆናል። 0.6 ግምት ነው፣ ጠርዙ እንደተበሳበት ይለያያል። ስለዚህ በ0.8 ትራፓኖ ብሱ፣ ሰዓት ይዛችሁ ለኩ፣ ከዚያ በመርፌ ሞረድ ቀስ እያላችሁ አስፉ። ማስፋት ይቻላል፣ ማጥበብ አይቻልም። 0.05 ሚ.ሜ. ብቻ ብታልፉ ሦስት ደቂቃ ያህል ታጣላችሁ፣ ምክንያቱም ጊዜው የሚቀንሰው በስፋቱ ካሬ ነው። አል-ጀዛሪም ቀዳዳዎቹን ያስተካከለው እየሞከረና እየለካ ነበር። ለአምስት ደቂቃዋ 2.25 ሚ.ሜ. ይበቃል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት። የግማሽ ሰዓቷን ደረቅ ሳህን ውሃ ላይ ስታስቀምጧት ምንም ላይገባ ይችላል። ቀዳዳው አልተደፈነም። ውሃው በደረቁ ናስ ላይ ጠብታ ሠርቶ ለመውጣት የራሱን ቆዳ መለጠጥ አለበት፤ በ0.92 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ላይ ይህ እስከ 3 ሴ.ሜ. የውሃ ከፍታ ይጠይቃል፣ እናንተ ያላችሁ 2 ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከማስቀመጣችሁ በፊት ውስጧን በእርጥብ ጨርቅ አብሱ፣ ቀዳዳው ላይ ሁለት ጠብታ ውሃ ጣሉ። በ2.25 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ግን የሚያስፈልገው 1.3 ሴ.ሜ. ብቻ ስለሆነ ያለ ምንም እርዳታ ትጀምራለች። ሳሙና ጨምሮ መፍታት ያምራል፣ ግን ዐረፋው ቀዳዳው ላይ ይቀመጥና ልኩን ያበላሻል።

ውሃው የተጣራ ይሁን፣ ቢቻል ተንኖ እንደገና ውሃ የሆነ (ዲስቲልድ)። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ኖራ ይተዋል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሰዓቷ ወደ ኋላ ትቀራለች። ሳህኗ ስትንሳፈፍ ካዘነበለች አንዱ ከንፈር ቀድሞ ይሰጥማል፣ ደቂቃዎች ይጎድላሉ። ቀለል ያለው ጎን ከንፈር ስር ትንሽ እስታኞ (የመበየጃ ቆርቆሮ) ጠብ አድርጉበት።

ብራና_ፈታሽ፦

ስለ ሰሌዳው። ያ ጽሑፍ እንዳለ ከወጣ የሚያውቅ ሰው ቆሞ ይስቃል።

ስለ ሕይወቱ ያለን ማስረጃ እሱ ራሱ በመጽሐፉ የጻፈው ነው፤ በዚያ ውስጥ የልደት ዓመት የለም። 1136ን አውጡት። የሚጻፈው ይህ ነው፦ ስሙ ኢስማኢል፣ አባቱ ራዛዝ፣ “አል-ጀዛሪ” የተባለው በላይኛው ጤግሮስና ኤፍራጥስ መካከል ካለው ከጀዚራ አገር ስለሆነ ነው። በአሚድ ከተማ፣ በዛሬዋ የቱርክ ዲያርባክር፣ የአርቱቅ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት መሐንዲስ ነበር። አገልግሎቱ የጀመረው በ570 ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1174 ገደማ ነው። የናስር አድ-ዲን ማሕሙድን አባትና ወንድም አገልግሎ፣ በራሱ በናስር አድ-ዲን ትእዛዝ መጽሐፉን ጻፈ፤ በ602 ሂጅራ፣ በ1206 ተጠናቀቀ።

“የክራንክ ፈጣሪ” አይባልም፤ ክራንክ ማለት ዙረትን ወደ ምልልስ የሚለውጥ፣ ከመሃል ወጣ ያለ ክንድ ነው። ክራንክና ቢዬላ ያለው የድንጋይ መጋዝ በሂራፖሊስ በ3ኛው ክፍለ ዘመን በተቀረጸ የሮማውያን ዘመን ምስል ላይ አለ፤ በባግዳድ የሙሳ ልጆች የተባሉት ወንድማማች መሐንዲሶችም በ9ኛው ክፍለ ዘመን በመሣሪያዎቻቸው ውስጥ ክራንክ ተጠቅመዋል። የእሱ ድርሻ ይህን ዙረት ባለ ሁለት ሲሊንደር ሳቢና ገፊ ፓምፕ ውስጥ አስገብቶ፣ ሌላ ሠራተኛ ደግሞ እንዲሠራው አድርጎ መጻፉ ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

“የሮቦት አባት” የሚለው የመጣው በመጽሐፉ ውስጥ ካለችው፣ ሙዚቀኛ አሻንጉሊቶች ከያዘችው ጀልባ ነው። የሚዞር ዘንግ ላይ የተተከሉ ችንካሮች ማንሻዎችን እየመቱ አሻንጉሊቶቹን ያስመታሉ። ችንካሮቹን ቦታ እየቀየሩ ሌላ ምት ማስመታት ግን በእኛ ዘመን ሞዴል የሠሩ ሰዎች ያሳዩት ነው። በሰሌዳ ላይ “ችንካር ባለው ዘንግ የሚነዱ አሻንጉሊቶች” ማለት ይበቃል።

መልኩን የሚያሳይ በዘመኑ የተሣለ ሥዕል የለም፤ በኢንተርኔት የሚዞረው ባለ ጢሙ ሰው ምናብ ነው። በፊቱ ፈንታ የፓምፑን ሥዕል ከጥንታዊው የእጅ ጽሑፍ ቅጂ ገልብጡ። ሲገለበጥ ግን ልክ እንዳትወስዱበት። ሥዕሎቹ የላይ እይታንና የጎን እይታን በአንድ ገጽ ይቀላቅላሉ፤ እሱም ሥዕሉ አሠራሩን በጥቅሉ ለማስረዳት እንደሆነና በዝርዝር እንዳልተጠነቀቀበት ጽፏል። ልኩ በጽሑፉ ውስጥ ነው፣ ክፍሎቹም በፊደል ምልክት ተለይተዋል። የሥዕሉን መጠን ተከትሎ የሠራ ሰው ጥርሶቹ አይገናኙለትም።

ቦታ ከተረፈ የመጽሐፉን ስድስት ምድቦች ጻፉ፦ ሰዓቶች 10፣ የመጠጥ ግብዣ ዕቃዎች 10፣ የእጅ መታጠቢያና የደም መቅጃ ዕቃዎች 10፣ ፏፏቴዎችና ሳያቋርጡ የሚነፉ ዋሽንቶች 10፣ ውሃ ማውጫዎች 5፣ ልዩ ልዩ 5። በመጨረሻው ውስጥ በአሸዋ ሻጋታ ቀልጦ የፈሰሰው የቤተ መንግሥት በርና ባለ አራት ቀለበት የፊደል ቁልፍ አሉ። ትልቁ የውሃ ሰዓቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ለንደን ሳይንስ ሙዚየም ውስጥ በጽሑፉ መሠረት ተሠርቶ እንደሠራም ጥቀሱ። ከ“አባት” ይልቅ ይህ ይናገርለታል።

ጥርስና_ዘንግ፦

ሰሌዳው ከሥሩ ተቀየረ፤ እናመሰግናለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የአምስት ደቂቃዋ ሳህን ስትሰጥም ኳስ ለቅቃ፣ ኳሱ እንደ ዝሆኑ ሰዓት እባቡ አፍ ውስጥ ወድቆ በክብደቱ ሳህኗን መልሶ እንዲያነሳት ማድረግ ይከብዳል?

ጠብታ፦

አይከብድም፣ ግን ሳህኗን ቀጥ አድርጋችሁ ለማንሳት አትሞክሩ። ሙሉዋን ከውሃ ማውጣት ከ700 ግራም በላይ ነው። በአንድ ጎኗ ላላ ባለ ሰንሰለት ከገንዳው ግድግዳ ጋር እሰሯት፣ ገመዱን በተቃራኒው ከንፈር አስገቡ። ስትሳብ ትጋደማለች፣ ውሃዋን እዚያው ታፈሳለች፤ ጉልበቱም እጅግ ይቀንሳል።

እባቡ ዘንግ ላይ የሚጋደም 30 ሴ.ሜ. ክንድ ይሁን፤ አፉ ላይ 27 ሚ.ሜ. የብረት ኳስ፣ 80 ግራም ገደማ። ገመዱ የሚጠመጠምበት መዘውር 8 ሴ.ሜ. ራዲየስ ካለው 300 ግራም ይስባል፤ ክንዱ 60 ዲግሪ ሲወርድ ገመዱን 8 ሴ.ሜ. ያህል ይጎትታል። የእባቡን ጭራ ከባዶ አፉ በጥቂት ግራም ብቻ አክብዱት፤ ኳሱ ሲወድቅ ቀስ ብሎ ይመለስ። ጭራው ከከበደ ኳሱ አያወርደውም፤ ከቀለለ ደግሞ ሳህኗ እንደተሰቀለች ትቀራለች።

የኳሱ መልቀቂያ በሳህኗ ክብደት ነው የሚከፈተው። ሰጥማ ስትወርድ ውሃ ውስጥ የምትመዝነው 200 ግራም ያህል ስለሆነ መዝጊያው ከ100 ግራም በታች በሆነ ጉተታ መከፈት አለበት። ገመዱ ከ6 ሴ.ሜ. ትንሽ የሚበልጥ ልል ይኑረው። ካጠረ ሳህኗ ገና ስትሞላ ገመዱ ይይዛትና በግማሽ ተንጠልጥላ ትቆማለች። ገንዳውም ልሉ አልቆ መዝጊያው እስኪከፈት የምትወርድበት ቢያንስ 4 ሴ.ሜ. ተጨማሪ ጥልቀት ያስፈልገዋል። ጥጥ ገመድ ውሃ ሲጠጣ ያጥራል፤ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠቀሙ።